አዲስ ፕሬዚዳንትና የሕዝብ ተስፋ

አዲስ ሹም በተሾመ ጊዜ አዲስ ተስፋ ማድረግ የሕዝብ የጥንት ልማድ ነው። ይህም የሚነቀፍ ነገር አይደለም፤ ተስፋ የሌለው ሕዝብ ይሠራ ዘንድ ጉልበት፣ ይታገሥ ዘንድ ልብ የለውምና። ነገር ግን ተስፋ ያለ ቦታው የተጣለ እንደ ሆነ በሁለት ወገን ጉዳት ያመጣል፤ ተስፋ ያደረገው ያዝናል፤ ተስፋ የተጣለበትም ያለ በደሉ ይታማል። ከሁለቱ የሚከፋ ሦስተኛ ጉዳትም አለ፤ ይኸውም ሥራው በእውነት በእጁ ያለው ሹም ማንም ሳይጠይቀው መቅረቱ ነው።

መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በአንድነት ተሰብስበው፣ አስቀድሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነትና በተባበሩት መንግሥታት ዘንድ በቋሚ መልእክተኛነት ያገለገሉትን ክቡር አምባሳደር ታዬ አጽቀ ሥላሴን የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡ። ከእርሳቸው በፊት ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የተመረጡት ክብርት ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ የስድስት ዓመት ዘመናቸውን ፈጽመው ነበርና፣ ሹመቱ ያለ ሁከት በሕጉ ሥርዓት ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። እንዲህ ያለው ርክክብ በኢትዮጵያ ታሪክ ብዙ ጊዜ ያልታየ ስለ ሆነ፣ በራሱ መልካም ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ግን የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ አዲሱ ፕሬዚዳንት በአገሪቱ አስተዳደር ላይ እውነተኛ ለውጥ ሊያመጡ ይችላሉን?

ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከመርካቶ የተሻለ ስፍራ አይገኝም። መርካቶ፣ ጣልያን በወረራው ዘመን በ1930 ዓ.ም. ገደማ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ባዛወረ ጊዜ የተተከለ፣ ስሙም በወራሪው ቋንቋ ገበያ ማለት የሆነ ሰፈር ነው። ወራሪው ሄደ፤ ስሙ ግን ቀረ፤ ገበያውንም የአገሩ ሰው የራሱ አድርጎ አሰፋው። ዛሬ በቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና በታላቁ አንዋር መስጊድ ዙሪያ፣ በሸማ ተራ፣ በሳጥን ተራ፣ በቆርቆሮ ተራ፣ በምናለሽ ተራ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሰው ተጎራብቶ ይነግዳል። በቤተ መንግሥት የተወሰነው ነገር በዚህ ሰፈር ዋጋ ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ የመንግሥት ለውጥ እውነት ወይም ከንቱ መሆኑ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወቀው በዚህ ስፍራ ነው።

አዲሱ ፕሬዚዳንት በተመረጡበት ወራት በመርካቶ ሦስት ነገር ደረሰ። መጀመሪያ፣ ከምርጫው በፊት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ አስቀድሞ ከ60 ብር በታች የነበረው የአንድ የአሜሪካ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር በላይ ወጣ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የሚሸጠውም ሁሉ ያደረበትን ዋጋ ማወቅ ተሳነው። ሁለተኛ፣ ከምርጫው በ14ኛው ቀን፣ ጥቅምት 11 ቀን ምሽት፣ በሸማ ተራ ታላቅ እሳት ተነሥቶ የብዙ ነጋዴዎችን ሱቅና ዕቃ በላ። ሦስተኛ፣ በኅዳር ወር፣ ያለ ደረሰኝ የተገኘ ዕቃ ይወረሳል የሚል ወሬ ስለ ተነዛ ብዙ ሱቆች ተዘግተው ዋሉ። የከተማው ሹማምንት ቁጥጥሩ ደረሰኝ እንዲቆረጥ ለማድረግ እንጂ ዕቃ ለመውረስ አለመሆኑን ቢናገሩም፣ ወሬው ከማስተባበያው ቀድሞ ደርሶ ነበር።

እነዚህ ሦስቱ ነገሮች ለነጋዴው የኑሮ ነገሮች ናቸው። እንግዲህ አዲሱ ፕሬዚዳንት ከሦስቱ በየትኛው ላይ ሥልጣን አላቸው? መልሱ በሕገ መንግሥቱ የተጻፈ ነው፤ በአንዱም ላይ የላቸውም።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 69 ፕሬዚዳንቱን ርእሰ ብሔር ይላቸዋል። በአንቀጽ 71 ደግሞ ሥራቸውን ይቈጥራል፤ የሁለቱን ምክር ቤቶች ዓመታዊ ስብሰባ ይከፍታሉ፤ የጸደቁ ሕጎችን በነጋሪት ጋዜጣ ያውጃሉ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲያቀርቡላቸው አምባሳደሮችን ይሾማሉ፤ ከውጭ የሚመጡትን መልእክተኞች የሹመት ደብዳቤ ይቀበላሉ፤ ሜዳይና ሽልማት ይሰጣሉ፤ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ከፍተኛ የጦር ማዕርግ ይሰጣሉ፤ በሕግ መሠረትም ይቅርታ ያደርጋሉ። ከፍተኛውን የማስፈጸም ሥልጣን ግን አንቀጽ 72 ለጠቅላይ ሚኒስትሩና ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ሰጥቶታል፤ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥነትም በአንቀጽ 74 የጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። በፊርማቸው ሕግን ሊያግዱ እንኳ አይችሉም፤ በአንቀጽ 57 እንደ ተጻፈው፣ ፕሬዚዳንቱ የቀረበላቸውን ሕግ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርሙ ሕጉ ያለ ፊርማቸው ይጸናል። የምንዛሪው ነገር የሚኒስትሮች ምክር ቤትና የብሔራዊ ባንክ ነው። የእሳት አደጋና የንግድ ግብር ነገርም፣ አዲስ አበባ በዓዋጅ ቁጥር 361/1995 ራስዋን የምታስተዳድር ስለ ሆነ፣ አብዛኛው የከተማዋ አስተዳደር ሥራ ነው።

ታዲያ ሕጉ እንዲህ ግልጥ ሆኖ ሳለ ሕዝቡ ስለምን ከፕሬዚዳንቱ ብዙ ይጠብቃል? ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው የአገሪቱ ጥንታዊ ልማድ ነው። በኢትዮጵያ የተበደለ ሰው ከምስለኔ እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ አቤት እያለ ይወጣ ነበር፤ የመጨረሻው ፍርድ ከላይ ነው የሚል እምነትም በሕዝብ ልብ ጸንቶ ኖረ። ዘውድ ከቀረ በኋላም ፕሬዚዳንቶች በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲቀመጡ ባየ ጊዜ፣ ሕዝቡ የዙፋን ችሎት ትዝታውን ወደ እነርሱ አዛወረ። ቤተ መንግሥቱ ያው ሆነ፤ ችሎቱ ግን በዚያ አልነበረም።

ሁለተኛው ምክንያት የስሙ ነገር ነው። በኢትዮጵያ መጀመሪያ ፕሬዚዳንት የተባሉት፣ በ1980 ዓ.ም. መባቻ የሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ በታወጀ ጊዜ፣ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ናቸው። በዚያ ጊዜ ፕሬዚዳንት ማለት ርእሰ ብሔር፣ የጦር ጠቅላይ አዛዥና የመንግሥት ሥራ ሁሉ ባለቤት ማለት ነበር። ከግንቦት 1983 ዓ.ም. በኋላም በሽግግሩ ዘመን ፕሬዚዳንት የተባሉት አቶ መለስ ዜናዊ ሥልጣኑን የያዙ ነበሩ። በነሐሴ 1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ ሲውል ግን አቶ መለስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ሥልጣኑም ከእርሳቸው ጋር ሄደ፤ ስሙ ብቻ በፕሬዚዳንቱ ወንበር ላይ ቀረ። ሕዝብ ደግሞ ስምን ቶሎ አይረሳም።

ከዚያ ወዲህ ያለው የ30 ዓመት ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በ1993 ዓ.ም. ከድርጅታቸው መሪዎች ጋር በተለያዩ ጊዜ፣ ልዩነታቸውን ሊናገሩ እንጂ በመንግሥት ሥራ ላይ አንዳች ሊለውጡ አልቻሉም። ዘመናቸውን ከጨረሱ በኋላ በ1997 ዓ.ም. በግል ተወዳድረው ከደምቢ ዶሎ የምክር ቤት አባል ሆነው ቢመረጡ፣ ለቀድሞ ፕሬዚዳንት የሚሰጠውን ጥቅም አጡ። መቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ከመስከረም 1994 እስከ መስከረም 2006 ዓ.ም. 12 ዓመት በዚያ ወንበር ተቀመጡ፤ የአገሩም አቅጣጫ በሌላ ወንበር ይወሰን ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ግልጥ ምስክር የሚሆነው ግን የ2010 ዓ.ም. ነገር ነው። በዚያ ዓመት የካቲት 8 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ፤ መጋቢት 24 ቀንም ዶክተር ዐቢይ አሕመድ በምክር ቤት ቃለ መሐላ ፈጸሙ። እስረኞች ተፈቱ፤ በውጭ አገር የነበሩ ተቃዋሚዎች ገቡ፤ ከኤርትራ ጋር ሰላም ወረደ። ያ ሁሉ ሲሆን ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ሙላቱ ተሾመ ነበሩ፤ ከወንበራቸውም አልተነሡም። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. እርሳቸው ለቅቀው ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ሲተኩ፣ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነች፤ ይህም ለአገሪቱ ሴቶች ታላቅ ክብር ነበረ። ይሁን እንጂ በእርሳቸው ዘመን በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ፣ ጦርነቱም በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ ስምምነት ሲቆም፣ ስለ ሰላም ከመናገር በቀር የጦሩም የእርቁም ትእዛዝ በእጃቸው አልነበረም። እንግዲህ ፕሬዚዳንት ሳይለወጥ ታላቅ ለውጥ ሆነ፤ ፕሬዚዳንት ሲለወጥም አስተዳደሩ በነበረበት ሄደ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ባዩ ጊዜ፣ እንኪያስ ሥልጣኑ ለፕሬዚዳንቱ ይሰጥ፤ ሕዝቡም በቀጥታ ይምረጠው፤ ያን ጊዜ ለውጥ ይመጣል ይላሉ። ይህ አሳብ ሊመከርበት የሚገባ ነው፤ መንገዱም በአንቀጽ 105 ተጽፎአል፤ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያጸድቀው፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው በድምፅ ብልጫ ሲቀበሉት ይሆናል። ነገር ግን ሥልጣን መጨመር ብቻውን ለውጥ እንዳልሆነ የጎረቤትና የሩቅ አገር ነገር ያስተምራል።

በኬንያ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በሕዝብ ድምፅ ተመረጡ፤ ሙሉ የማስፈጸም ሥልጣንም ያዙ። ይሁን እንጂ በሰኔ 2016 ዓ.ም. አዲስ ግብር የሚጨምር ሕግ ቢያቀርቡ፣ ወጣቶች በናይሮቢ አደባባይ ወጥተው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ሕጉን ለማንሣት ተገደዱ። በሴኔጋል ባሲሩ ጆማይ ፋይ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሕዝቡ ለውጥ ፈልጎ መረጣቸው፤ ሆኖም ምክር ቤቱ በተቃራኒዎቻቸው እጅ ስለ ነበረ፣ ምክር ቤቱን በትነው በኅዳር 2017 ዓ.ም. በአዲስ ምርጫ ወገናቸው እስኪያሸንፍ ድረስ ስምንት ወር የፈለጉትን ሕግ ማውጣት አልሆነላቸውም። ጀርመኖች ደግሞ በ1925 ዓ.ም. ሰፊ ሥልጣን የነበራቸው ፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ ሂትለርን መራኄ መንግሥት አድርገው ሾመው ያመጡባቸውን ጥፋት ስላዩ፣ በ1941 ዓ.ም. ባወጡት ሕግ የፕሬዚዳንታቸውን ሥልጣን ሆን ብለው አሳነሱ። በኢትዮጵያም ከሁሉ የሰፋ ሥልጣን የነበረው ፕሬዚዳንት አገሩን ጥሎ የወጣው በግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው። አንድን ሰው ማበርታት አገርን ማበርታት አይደለም።

ታዲያ ፕሬዚዳንቱ ምንም ሊሠሩ አይችሉም ማለት ነውን? አይደለም። ሕጉ ሦስት ነገር ትቶላቸዋል።

የመጀመሪያው ይቅርታ ነው። በ2003 ዓ.ም. የሃይማኖት አባቶች ከማለዱ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ግርማ ሞት የተፈረደባቸውን 23 የደርግ ባለሥልጣኖች ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት አወረዱት። በዚያች ፊርማ የሰው ነፍስ ዳነች። የይቅርታው አሳብ በሕጉ በተሠራው የይቅርታ ቦርድ ተመርምሮ የሚቀርብ ቢሆንም፣ የመጨረሻው ብዕር በፕሬዚዳንቱ እጅ ነው። ለካህናትም ይህ የማማለድ በር ክፍት መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ሁለተኛው ከወገን በላይ ሆኖ መታየት ነው። ፓርቲ ከፓርቲ፣ ብሔር ከብሔር በሚካሰስበት ጊዜ፣ ለማንም የማያደላ አንድ ሰው በአገር መካከል መኖሩ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ይህ በሹመት ደብዳቤ አይገኝም፤ በአነጋገርና በአካሄድ ይገኛል እንጂ።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ቃል ነው። በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ቀን ፕሬዚዳንቱ በሁለቱ ምክር ቤቶች ፊት ቆመው በዓመቱ መንግሥት የሚሠራውን ይናገራሉ። ምክር ቤቱ በንግግሩ ላይ ይከራከራል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም መልስ ይሰጣሉ። ንግግሩ የመንግሥትን አሳብ የሚገልጥ እንጂ የፕሬዚዳንቱ የግል አሳብ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በሕዝብ ሁሉ ጆሮ የተነገረ ቃል ዕዳ ነው፤ ሰኔ 30 ቀን ምክር ቤቱ ሲዘጋ፣ የተነገረውና የተሠራው ተያይቶ ሊመዘን ይገባዋል። ሹማምንት ያን ቀን ንግግሩን ሰምተው አጨብጭበው ወደ ቤታቸው የሚሄዱ ከሆነ፣ ንግግሩ የበዓል ጌጥ ሆኖ ይቀራል። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ከንግግሩ ውስጥ የራሱን ድርሻ ለይቶ ጽፎ፣ በሰኔ ለምክር ቤቱ መልስ ቢሰጥበት ግን፣ ሥልጣን የሌለው ፕሬዚዳንት ቃል ሥልጣን ያለውን ሹም ሁሉ የሚያሠራ ይሆናል። ለዚህም አዲስ ሕግ ማውጣት አያስፈልግም፤ ያለው ሥርዓት ይበቃል።

በዚህ ላይ ሊቃውንት በሚገባ የሚያውቁት የሙሴና የአማቱ የዮቶር ነገር ይታሰብ። ሙሴ ሕዝቡን ሁሉ ብቻውን ሊዳኝ ከጧት እስከ ማታ ተቀምጦ ባየው ጊዜ፣ ዮቶር ሥራውን ለሻለቃ፣ ለመቶ አለቃ፣ ለአምሳ አለቃና ለአሥር አለቃ እንዲያካፍል መከረው፤ የሚሾሙትም እውነተኞችና መማለጃን የሚጠሉ ይሁኑ አለ። ያ ምክር ሕዝቡን ያሳረፈው ሙሴ ስለ ተለወጠ አይደለም፤ አሥር አለቃው ስለ ተገኘ ነው። በመርካቶም ነገሩ ይኸው ነው። ነጋዴው ፕሬዚዳንቱን አያይም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም አያይም፤ የሚያየው በወረዳው ያለውን ጸሓፊ፣ ግብር የሚገምተውን ሠራተኛ፣ ደረሰኝ የሚጠይቀውን ተቆጣጣሪና ፈቃድ የሚያድሰውን ሹም ነው። ለእርሱ መንግሥት ማለት እነዚህ ናቸው። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት በተሠራ ጊዜ ትንንሽ ነጋዴዎች ግምቱ በዛብን ብለው አቤት ሲሉ፣ ያስመረራቸው ግብር መክፈሉ ብቻ አልነበረም፤ አቤቱታቸውን በቅርብ የሚሰማ ማጣታቸው ጭምር እንጂ።

የኅዳር 2017 ዓ.ም. የደረሰኝ ነገርም እንዲሁ ይመረመር። መንግሥት ያለ ግብር መንገድ አይሠራም፤ ወታደርና መምህር አይቀጥርም፤ ስለዚህ ደረሰኝ መጠየቁ ትክክል ነው። ነጋዴውም ከትልቁ አስመጪ ያለ ደረሰኝ ከተሸጠለት፣ ለገዢው በምን መሠረት ደረሰኝ ይቆርጣል ብሎ መከራከሩ ከእውነት የራቀ አይደለም። የሁለቱን እውነት የሚያስታርቅ ፕሬዚዳንት አይደለም። ዕቃው ከገባበት በር ጀምሮ ከትልቁ ነጋዴ ደረሰኝ የሚጠይቅ፣ ደንቡንም ወሬ ሳይቀድመው ለትንሹ ነጋዴ በሚገባው ቋንቋ የሚያስረዳ፣ መማለጃ የማይቀበል ሹም ነው። ሱቆቹ በተዘጉባቸው ቀኖች የጎደለው የሕግ ብዛት አይደለም፤ መተማመን ነበር። ሕዝብ መንግሥቱን ከሚያምን ይልቅ ወሬን የሚያምን ከሆነ፣ በላይ ያለው ሹም ቢለዋወጥ ምን ይረባል?

እንግዲህ ለጥያቄው መልሱ ይህ ነው። ፕሬዚዳንቱ ብቻቸውን እውነተኛ ለውጥ ሊያመጡ አይችሉም፤ ሕጉም ይህን አልጠየቃቸውም። ከእርሳቸው የሚጠበቀው በምክር ቤቶች ፊት የሚናገሩት ቃል ግልጥና የሚቈጠር እንዲሆን፣ ይቅርታቸው በምሕረትና በፍትሕ እንዲመዘን፣ አካሄዳቸውም ለማንም ወገን እንዳያደላ መትጋት ነው። የቀረው ዕዳ የምክር ቤቱ፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ የሚኒስትሮች፣ የከንቲባዋና እስከ ወረዳ ድረስ ያሉ ሹማምንት ነው። ማንም ሹም በፕሬዚዳንቱ ስም ተከልሎ ከዚህ ዕዳ ሊያመልጥ አይገባውም። ካህናትም ሕዝቡ ከማን ምን መጠየቅ እንዳለበት ያስተምሩት፤ ያለ ቦታው የሚጠይቅ ሕዝብ በመጨረሻ መጠየቁንም ይተዋልና፤ መጠየቅ ከተወ ሕዝብ ዘንድም የሚቀረው ወሬና ቂም ነው።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላል የአገሩ ሰው፤ ከስም በፊት ሥራ ይቅደም ማለቱ ነው። የመርካቶ ነጋዴ ሚዛን ያውቃል፤ ዕቃው በሚያምር ወረቀት ተጠቅልሎ ቢመጣለትም ወረቀቱን ፈትቶ ይመዝናል። በመስከረም የሚነገረውንም ቃል እንደዚሁ ይቀበለዋል፤ በሰኔም ሳይመዝነው አይቀርም። የተሾመ ሁሉ ያን ሚዛን አስቀድሞ አስቦ ይሥራ።